ከአዲስ አበባ እስከ ዋሺንግቶን፤ የአየር መንገድ ርቀትና የጕዞ ሰዓት አቈጣጠር

ለገጠር ተማሪ ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሎች

መግቢያ

የኢትዮጵያ ገበሬና ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ መንገድን የሚለካ በቀን ነው። «ከዚህ እስከዚያ ምን ያህል ይርቃል» ተብሎ ቢጠየቅ «የሦስት ቀን መንገድ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህም አነጋገር ነቀፋ የለበትም። በእግርና በበቅሎ የሚሄድ ሰው ርምጃው ከቀን ወደ ቀን ብዙ ስለማይለዋወጥ፥ ርቀቱን የነገረ ሰው ጊዜውንም ነገረ ማለት ነው። በአይሮፕላን ለሚደረግ ጕዞ ግን ርቀት ሌላ፥ ጊዜ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሺንግቶን ያለው መንገድ ሲሄዱበት 17 ሰዓት ያህል፥ ሲመለሱበት 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በሁለቱ ከተሞች የሚታየውን ሰዓት ብቻ ያነጻጸረ ሰው ደግሞ መሄጃው 9 ሰዓት፥ መመለሻው 21 ሰዓት ይመስለዋል። ይህ ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚሆን መግለጥ የዚህ ትምህርት ዓላማ ነው።

ይህን ማወቅ ለተማሪ ቤት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ልጆቻቸው በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ዛሬ በየገጠሩ ይገኛሉ። ደስታ ወይም ኀዘን በሆነ ጊዜ ሽማግሎች ወደ መምህሩ መጥተው «ልጁ መቼ ይደርሳል» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ በግምት የተሰጠ እንደ ሆነ ሕዝብ ይጕላላል፤ በቍጥር የተሰጠ እንደ ሆነ ግን ሁሉም ሥራውን በጊዜው ያደርጋል።

ለምሳሌ በሰሜን ሸዋ በአንዲት መንደር የሚኖሩ አንዲት እናት በታኅሣሥ ወር፥ ሰኞ ማታ በ2 ሰዓት ዐረፉ እንበል። ልጃቸው የሚኖረው በዋሺንግቶን አጠገብ ነው። ወዲያውም በስልክ ቢነገረው «እስክደርስ ትጠብቁኛላችሁ ወይ» ብሎ ጠየቀ። ከሽማግሎቹ አንዱ «አይሮፕላኑ 13 ሰዓት ይፈጅበታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንግዲያውስ ነገ ጥዋት በ3 ሰዓት ይደርሳል፤ ቀብሩን እስከ ቀትር እናቆየው» አሉ። ሁለተኛው ግን «ሰው ከየአገሩ ከመጠራቱ በፊት መምህሩ ይጠየቁ» አሉ። መምህሩ ምን ብለው ሊመልሱ ይገባል? መልሱ በትምህርቱ መጨረሻ ይገኛል። አስቀድሞ ግን አምስት ነገሮችን በየተራ መመርመር ያስፈልጋል፤ እነርሱም ርቀት፥ ፍጥነት፥ የማረፊያው ከፍታ፥ ነፋስና የሰዓት ልዩነት ናቸው።

አንደኛ ክፍል፤ ስለ ርቀት

የአዲስ አበባው ቦሌ የአይሮፕላን ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ፥ ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ በ38 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ ላይ ይገኛል። የዋሺንግቶን ዳለስ የአይሮፕላን ማረፊያ በ1955 ዓ.ም. (በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1962) የተከፈተ ሲሆን፥ በቪርጂኒያ ግዛት ከከተማው በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በስተ ሰሜን በ39 ዲግሪ፥ ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ በ77 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ይገኛል።

ተማሪ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጠፍጣፋ ካርታ አይቶ ሁለቱን ቦታዎች በማስመሪያ ቢያገናኝ፥ መስመሩ በቻድ፥ በኒጀር፥ በማሊና በሞሪታንያ ላይ ያልፋል። ይህ ግን አጭሩ መንገድ አይደለም። ምድር ክብ ስለ ሆነች፥ ክብ የሆነውን ነገር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የዘረጋ ሁሉ መልኩን ሳያጣምም ሊዘረጋው አይችልም። የብርቱካን ልጣጭ በጠረጴዛ ላይ ሲደፈጠጥ የሚቀደደውም ስለዚህ ነው።

እውነተኛውን አጭር መንገድ ለማግኘት የምድርን ምስል፥ ማለት ሉልን፥ መያዝ ያስፈልጋል። ሉል የሌለው ተማሪ ቤት ከጭቃ ድቡልቡል አድርጎ ሠርቶ ያድርቀው፤ ወይም ክብ ቅል ይፈልግ። በላዩ ላይ የምድርን ወገብ፥ ሁለቱን ዋልታዎችና ሁለቱን ከተሞች ምልክት ያድርግበት። ከዚያ በኋላ ክር ወስዶ ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው አጥብቆ ይወጥር። ክሩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሄዳል፤ በሱዳን፥ በሊቢያ፥ በአልጄሪያ፥ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አልፎ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ይሻገራል። በካርታው ላይ ቀጥ ያለ የመሰለውን መስመር አቅጣጫ ሳይለውጥ የሚከተል ሰው፥ ክሩን ከሚከተለው ሰው ይልቅ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርፍ ይሄዳል።

ርቀቱ በቍጥር እንዲህ ይገኛል። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ለ360 ዲግሪ ሲከፈል ለአንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ከ200 ሜትር ግድም ይደርሳል። ክሩ የሚይዘው የምድር ቅስት 104 ዲግሪ ነው። 104 በ111.2 ቢባዛ 11,565 ይሆናል። በረቀቀ ሂሳብ የተገኘው 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ለትምህርት ይህ ይበቃል። ዙሪያው 100 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሉል ላይ አንዱ ሴንቲ ሜትር 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ እንግዲህ የክሩ ርዝመት 29 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። መምህሩ ተማሪዎቹን አስቀድመው ያስለኩ፤ ቍጥሩን ግን ከለኩ በኋላ ይንገሯቸው።

ሁለተኛ ክፍል፤ ስለ ፍጥነት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን የውጭ አገር በረራ ያደረገው በመጋቢት 1938 ዓ.ም. መጨረሻ (በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1946) ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። ያን ጊዜ የአይሮፕላን ሜዳው በልደታ ነበረ። የዚያ ዘመን ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። በአሥመራ በኩል እስከ ካይሮ ያለው 2,520 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ርቀቱን ለፍጥነቱ ቢያካፍሉት በአየር ላይ የሚያሳልፈው 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። አሥመራ ላይ የሚቆይበት ጊዜ በዚህ ላይ ይጨመራል።

የጄት አይሮፕላን አገልግሎት በ1955 ዓ.ም. (በ1963) በቦሌ ማረፊያ ከተጀመረ ወዲህ ፍጥነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ዛሬ ሩቅ አገር የሚሄድ አይሮፕላን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። ስለዚህ 11,560 ለ900 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ግድም ይሆናል።

ይህ ሂሳብ መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። አይሮፕላን እንደ ተነሣ ወዲያው በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም። አስቀድሞ በምድር ላይ እየተንከባለለ ወደ መነሻው ይደርሳል፤ ተራውን ይጠብቃል፤ እየወጣ ሳለ ፍጥነቱ ያነሰ ነው፤ ለመውረድም እንደዚሁ ያዘግማል። ስለዚህ ለረዥም መንገድ በሂሳቡ ላይ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መጨመር ይገባል።

ሦስተኛ ክፍል፤ ስለ ማረፊያው ከፍታና ስለ ነዳጅ

ከዋሺንግቶን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው አይሮፕላን ሳያርፍ በአንድ ትንፋሽ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሺንግቶን የሚሄደው ግን በመንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ መቅዳት የተለመደ ነው፤ ቀድሞ ብዙ ጊዜ ይህ ይሆን የነበረው በአየርላንድ ከተማ በደብሊን ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ አይሮፕላኑ ድካም ያለበት ወይም ተበላሽቶ የወረደ ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን የምድሩ ከፍታ ነው።

የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍ ያለ ነው። የዳለስ ማረፊያ ግን 95 ሜትር ብቻ ነው። በደጋ ያለው አየር ከቆላው አየር የሳሳ መሆኑን ተራራ የወጣ ሰው ሁሉ በትንፋሹ ያውቀዋል። በቦሌ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠርዝ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ግድም የሳሳ ነው። የአይሮፕላን ክንፍ የሚሸከመው አየርን ተደግፎ ነው፤ ሞተሩም የሚሠራው አየርን ስቦ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ መሮጥ አለበት፤ ሞተሩም የሚሰጠው ኀይል ይቀንሳል። የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ቢሆንም ርዝመቱ ወሰን ስላለው አይሮፕላኑ የሚያነሣው ጭነት እንዲሁ ወሰን አለው።

በሰዓት 5 ቶን ነዳጅ የሚያቃጥል አይሮፕላን ቢኖር፥ ለ13 ሰዓት 65 ቶን ያስፈልገዋል። ይህ የ650 ኩንታል እህል ክብደት ነው፤ ለክፉ ቀን የሚያዘው መጠባበቂያ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል። ይህን ሁሉ ነዳጅ፥ ሰዎቹንና ዕቃቸውን ይዞ ከደጋ ሜዳ መነሣት ያስቸግራል። ስለዚህ ነዳጁን ከፍሎ ይይዛል፤ የቀረውንም ዝቅ ባለ አገር ይቀዳል። ነጋዴም በቅሎውን ዳገት ሲያስወጣ የመንገዱን ገብስ ሁሉ አይጭንባትም፤ ግማሹን ጭኖ የቀረውን በሚያድርበት ገበያ ይገዛል።

በደብሊን ማረፍ መንገዱን ብዙ የሚያስረዝም የሚመስለው ሰው ይኖራል። ይህን በቍጥር መርምሮ ማየት ይገባል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብሊን 6,366 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከደብሊን እስከ ዋሺንግቶን 5,464 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድምሩ 11,830 ነው። ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም በአይሮፕላን 18 ደቂቃ ነው። ምክንያቱም ደብሊን በሉሉ ላይ ከተወጠረው ክር እጅግ የራቀች ስላልሆነች ነው። ጊዜ የሚወስደው መውረዱ፥ መቅዳቱና እንደገና መነሣቱ እንጂ የመንገዱ ጥምዘዛ አይደለም።

አራተኛ ክፍል፤ ስለ ነፋስ

በአውሮጳና በአሜሪካ መካከል ባለው ሰማይ፥ አይሮፕላን በሚሄድበት ከፍታ፥ ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በክረምታቸውም ወራት ይበረታል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄድ አይሮፕላን ነፋሱን በፊቱ ይገጥመዋል፤ የሚመለሰው ግን ነፋሱ ከኋላው ይገፋዋል። በወራጅ ወንዝ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ክንዱ ያው ነው፥ ውሃው ግን በአንዱ ጊዜ ይረዳዋል፥ በሁለተኛው ጊዜ ይከለክለዋል።

የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሲሄድ 900 ሲቀነስ 100፥ 800 ይሆናል፤ 5,464 ለ800 ሲካፈል 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። ሲመለስ 900 ሲደመር 100፥ 1,000 ይሆናል፤ 5,464 ለ1,000 ሲካፈል 5 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው። ጎበዝ ተማሪ «በመሄጃ የጠፋው በመመለሻ ይተካ የለምን» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ «ሁሉ አይተካም» ነው። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 12 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይሆን ነበር፤ በነፋስ ግን 12 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ሆነ። በነፋስ ላይ የሚሄድበት ጊዜ ረዥም፥ ከነፋስ ጋራ የሚሄድበት ጊዜ አጭር ስለ ሆነ ጕዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ብዙ ተማሪዎች ሌላም ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ምድር ወደ ምሥራቅ የምትዞር ከሆነች፥ አይሮፕላኑ በሰማይ ላይ ቆሞ ቢጠብቅ አሜሪካ ራስዋ ወደ እርሱ አትመጣምን?» ይላሉ። አትመጣም። አየሩም ከምድር ጋራ አብሮ ይዞራልና። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ የምትበርር ዝንብ የኋላው መስተዋት መጥቶ አይመታትም፤ በውስጥ ያለው አየር አብሮ ስለሚሄድ ነው። አይሮፕላንም በአየሩ ውስጥ እንደዚያች ዝንብ ነው።

አምስተኛ ክፍል፤ ስለ ሰዓት ልዩነት

ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፥ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። የባሕረ ሐሳብ ትምህርት የተማሩ ሽማግሎች ዕለት በ60 ኬክሮስ መከፈሉን ስለሚያውቁ፥ ለአንዱ ኬክሮስ 6 ዲግሪ መድረሱን ወዲያው ያስተውላሉ። በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለው ልዩነት 116 ዲግሪ ከሩብ ነው፤ ለ15 ሲካፈል 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። በፀሐይ ያለው እውነተኛ ልዩነት ይህ ነው። መንግሥታት ግን ለሥራ እንዲመች ሰዓታቸውን በሙሉ ቍጥር ስለ ወሰኑ፥ የታወጀው ልዩነት 8 ሰዓት ነው። አሜሪካውያን ከየካቲት መጨረሻ ወይም ከመጋቢት መጀመሪያ አንሥተው እስከ ጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት ድረስ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚያስኬዱ፥ በዚያ ወራት ልዩነቱ 7 ሰዓት ይሆናል። አዲስ አበባ ሁልጊዜ ትቀድማለች።

በዚህ ላይ ሁለተኛ ልዩነት አለ። ኢትዮጵያውያን ቀኑን ከንጋት፥ ሌሊቱን ከምሽት ጀምረው ይቈጥራሉ፤ የውጭ አገር ሰዎች ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ። በአይሮፕላን ቲኬት ላይ የሚጻፈው በእነርሱ አቈጣጠር ነው። በቲኬቱ ላይ 7:30 ተጽፎ ሲገኝ ከጥዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ 22:30 ተጽፎ ሲገኝ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ይህን ያልለየ ሰው እንግዳውን ለመቀበል በስድስት ሰዓት ተሳስቶ ይሄዳል።

አሁን በመግቢያው የተነገረው ነገር ይገለጣል። አንድ መንገደኛ በታኅሣሥ ወር ቅዳሜ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ተኩል ከአዲስ አበባ ተነሣ እንበል። እስከ ደብሊን 8 ሰዓት፥ በደብሊን 1 ሰዓት ከሩብ፥ ከደብሊን እስከ ዋሺንግቶን 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ቢሆን ድምሩ 17 ሰዓት ነው። ሲደርስ በአዲስ አበባ እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚህ 8 ሰዓት ሲቀነስ በዋሺንግቶን እሑድ ከጥዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በሰዓቱ ፊት ያለፈው 9 ሰዓት ብቻ ይመስላል። ሲመለስ ደግሞ ከዋሺንግቶን ከቀኑ 5 ሰዓት ተነሥቶ 13 ሰዓት ቢበርር፥ አዲስ አበባ የሚደርሰው በማግሥቱ ከጥዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ በሰዓቱ ፊት 21 ሰዓት ያለፈ ይመስላል። ሂሳቡ ትክክል መሆኑ በዚህ ይታወቃል፤ 17 ሲደመር 13፥ 30 ነው፤ 9 ሲደመር 21ም 30 ነው። በመሄጃ ያተረፉትን 8 ሰዓት በመመለሻ ይከፍሉታል።

ስድስተኛ ክፍል፤ የሽማግሎቹ ጥያቄ መልስ

እንግዲህ መምህሩ ለሽማግሎቹ እንደሚከተለው ይቈጥራሉ። እናትየው ያረፉት ሰኞ ማታ በ2 ሰዓት ነው። በዋሺንግቶን ያን ጊዜ ሰኞ ከቀኑ 6 ሰዓት ነበረ። የዚያ ቀን አይሮፕላን በ5 ሰዓት ስለ ተነሣ፥ ልጁ መርዶውን የሰማው በአንድ ሰዓት ከዘገየ በኋላ ነው። የሚቀጥለው የሚነሣው ማክሰኞ በ5 ሰዓት ነው፤ በዚያም ቦታ አገኘ እንበል። ይህ በኢትዮጵያ ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከአይሮፕላን ሳይገባ 23 ሰዓት አልፏል። 13 ሰዓት በርሮ ረቡዕ ከጥዋቱ 2 ሰዓት ቦሌ ይደርሳል። ፓስፖርቱን አስመርምሮ ዕቃውን እስኪወስድ 1 ሰዓት ተኩል፤ ይህ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና 3 ሰዓት ቢሄድ 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ እስከ መንደሩ በእግር 2 ሰዓት ቢጓዝ፥ ከእናቱ ደጃፍ የሚደርሰው ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ከሞቱ ሰዓት ጀምሮ 42 ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ከዚህም በአየር ላይ ያለፈው 13 ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌ በቍጥሩ አልተሳሳቱም፤ 13 ሰዓት ያሉት እውነት ነበረ። የተሳሳቱት የአይሮፕላኑን ሰዓት የልጁ ሰዓት አድርገው ስለ ያዙት ነው። በእርሳቸው ቃል ቢሄዱ ኖሮ፥ ማክሰኞ የመጣው ሕዝብ እስከ ቀትር ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ልጁ ግን ያን ሰዓት በዋሺንግቶን ገና ሌሊት ላይ ነው።

ቀብር ማቆየት ወይም አለማቆየት የዘመድና የሽማግሎች ፈንታ ነው፤ ሂሳብ ይህን አይወስንም። የመምህሩ ፈንታ «ከረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል በፊት አይደርስም» ብሎ መንገር ነው። ሽማግሎቹም ይህን ሰምተው ቀብሩን ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢያደርጉ፥ ለልጁ እውነቱን ይነግሩታል፤ «ልጄ፥ ለቀብሩ አትደርስም፤ ለሣልስቱ ግን ትደርሳለህ፤ ተረጋግተህ ና» ይሉታል። ሣልስቱ ሐሙስ ስለ ሆነ በእርግጥ ይደርሳል። የማይፈጸም ተስፋ ይዞ 13 ሰዓት በሰማይ ላይ ከመጨነቅ፥ እውነቱን ዐውቆ አልቅሶ መምጣት ይሻላል።

ለተማሪዎች የሚሰጥ ጥያቄ

፩፤ ዙሪያው 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሺንግቶን የሚወጠረው ክር ርዝመቱ ስንት ነው? መልስ፤ 17 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ያህል።

፪፤ በቲኬት ላይ 19:40 ተጽፏል፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ስንት ሰዓት ነው? መልስ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40።

፫፤ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን በዋሺንግቶን ስንት ሰዓት ይሆናል? መልስ፤ በሐምሌ ወር ከቀኑ 8 ሰዓት፥ በታኅሣሥ ወር ከቀኑ 7 ሰዓት።

፬፤ ከዋሺንግቶን ሳያርፍ የሚመጣ አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ሲሄድ ለምን ያርፋል? መልስ፤ የቦሌ ሜዳ ከፍ ያለ፥ አየሩም የሳሳ ስለ ሆነ ሙሉ ነዳጅና ጭነት ይዞ መነሣት ስለሚያስቸግረው፤ ሲሄድም ነፋሱ በፊቱ ስለሚገጥመው።

፭፤ ተማሪው ከመንደሩ እስከ ቦሌ ማረፊያ በእግርና በመኪና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቤተ ሰቡን ጠይቆ ይጻፍ። መምህሩም የሁሉንም መልስ ሰብስበው በተማሪ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያኑሩት፤ የሚያስፈልግበት ቀን ሳይታሰብ ይመጣልና።